የማይከፈተው ፕላን፦ የሕንጻ ንድፍ ፋይል ከአዲስ አበባ እስከ ጉደር

ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች የሚሠራ ሕንጻ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት በኮምፒውተር ፋይል መልክ ከአርክቴክቱ ወደ ስትራክቸር መሐንዲሱ፣ ከመሐንዲሱ ወደ ኤሌክትሪክና ሳኒተሪ ባለሙያዎቹ፣ ከእነርሱም ወደ ማተሚያው፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱና ወደ ሥራ ተቋራጩ ይዘዋወራል። ፋይሉ በአብዛኛው የሚዘጋጀው አውቶካድ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በስሙ መጨረሻ ላይ የሚታየውን ዲደብሊውጂ የተባለ ቅጥያ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ቢሮ የሠራው ፋይል በሌላው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ «አልከፍት አለ» ሲባል መስማትም የተለመደ ነው። ምክንያቱ «ቨርዥኑ ከፍተኛ ስለሆነ» መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ፤ የቨርዥኑ ከፍ ማለት ፋይሉን ለምን እንደሚዘጋው፣ ወደ ታች ቨርዥን ሲቀመጥ ከውስጡ ምን እንደሚጎድል፣ ይህን የማድረግ ኃላፊነትስ የማን እንደሆነ ግን በግልጽ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ከአምቦ ወዲያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዘ የቶኬ ኩታዬ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ጉደር ይገባል። ጉደር ስሟን የምትጋራው ወንዝ ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ጋር የሚቀላቀል ሲሆን፣ ከተማዋ በፏፏቴዋና በስሟ በሚጠራው የወይን ጠጅ በአገሪቱ ትታወቃለች። እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሁሉ እዚህም በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የቆዩት የጭቃ ቤቶች ቀስ በቀስ ለብሎኬትና ለኮንክሪት ሕንጻ ቦታ እየለቀቁ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ ቢሮ ወይም መኝታ የሆነ ግንባታ ይበረክታል። የአምቦ ድንጋይ በሚል ስም የሚታወቀው የአካባቢው የግንባታ ድንጋይ የፊት ግድግዳ ልባጥ ሆኖ በንድፍ ላይ የሚታየውም በእንዲህ ያሉት ሕንጻዎች ነው።

እነዚህን ሕንጻዎች የሚነድፈው ባለሙያ ግን ሁልጊዜ በከተማው ውስጥ አይገኝም። ባለንብረቱ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም አማካሪ ድርጅት በኩል ፕላኑን ያሠራል፤ ፋይሉ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ይላካል፤ አምቦ ወይም ጉደር ያለው ድራፍትስማን፣ ማለትም ንድፍን በኮምፒውተር የሚያስተካክልና ለኅትመት የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ የማዘጋጃ ቤቱን አስተያየት ተቀብሎ ማረሚያ ያስገባበታል። መጸዳጃ ቤቱ ወደ አዋሳኙ ተጠግቷል ሊባል፣ ደረጃው ሊሰፋ፣ የሳይት ፕላኑ ከይዞታ ካርታው ጋር እንዲገጥም ሊታዘዝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ እርማቶች ፋይሉ ተከፍቶ የሚሠሩ ናቸው፤ ፋይሉ ካልተከፈተ ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ለሳምንት ይጓተታል፣ አንዳንዴም ድራፍትስማኑ ከታተመው ወረቀት ላይ እየለካ ወለሉን እንደገና ለመሳል ይገደዳል። እንዲህ ተገልብጦ በተሳለ ንድፍ ላይ የሚፈጠር የልኬት ስህተት ደግሞ ወደ አርማታው ያልፋል።

በክፍለ ከተማና በወረዳ ከተሞች ያሉ ባለሙያዎች የሚሰጡት የተለመደ ማብራሪያ ኮምፒውተራቸው አሮጌ መሆኑን ነው፤ አባባላቸውም እውነት አለው። አዳዲሶቹ የአውቶካድ ቨርዥኖች አዲስ ዊንዶውስ፣ ባለ 64 ቢት አሠራርና ሰፊ ማኅደረ ትውስታ ስለሚጠይቁ፣ በቆየ ኮምፒውተር ላይ መጫን አይቻልም ወይም ተጭነውም አያሠሩም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሶፍትዌሩ ባለቤት አውቶዴስክ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግል አዲስ ፈቃድ መሸጡን አቁሞ ወደ ኪራይ ሥርዓት የተሸጋገረ ሲሆን፣ በውጭ ምንዛሪ በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ለአንድ የወረዳ ከተማ ንድፍ ቢሮ ቀላል ሸክም አይደለም። ክራክ የሚባለው ያልተፈቀደ ቅጂ የተስፋፋውም፣ ቢሮዎች አንዴ በተጫነላቸው አሮጌ ቨርዥን ላይ ለዓመታት የሚቆዩትም በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

> ፋይሉ ካልተከፈተ የግማሽ ሰዓት እርማት ለሳምንት ይጓተታል።

በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው

ዲደብሊውጂ በሚል አንድ ቅጥያ የሚጠሩት ፋይሎች በውስጣቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። ማንኛውም የዲደብሊውጂ ፋይል ኖትፓድ በተባለው ቀላል የጽሑፍ ማንበቢያ ቢከፈት አብዛኛው ይዘቱ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል፤ ገና መጀመሪያው ላይ ያሉት ስድስት ምልክቶች ግን ግልጽ ሆነው ይነበባሉ። «ኤሲ1015» የሚል ከሆነ ፋይሉ በ2000 ፎርማት፣ «ኤሲ1018» ከሆነ በ2004፣ «ኤሲ1021» ከሆነ በ2007፣ «ኤሲ1024» ከሆነ በ2010፣ «ኤሲ1027» ከሆነ በ2013፣ «ኤሲ1032» ከሆነ በ2018 ፎርማት የተቀመጠ ነው። አውቶካድ ፋይል እንዲከፍት ሲታዘዝ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንኑ ኮድ ሲሆን፣ ኮዱ እርሱ ከተሠራበት ዘመን በኋላ የመጣ ከሆነ ውስጡ እንዴት እንደተደራጀ ስለማያውቅ ሥራውን በዚያው ያቆማል። በማያ ገጹ ላይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ዋጋ ቢስ እንደሆነ አድርጎ የሚናገርበት ጊዜ ስላለ፣ ብዙ ተጠቃሚዎች ፋይሉ በቫይረስ ወይም በፍላሹ ችግር የተበላሸ ይመስላቸዋል። ቀድሞ ስድስቱን ምልክቶች ማንበብ ይህን ጥርጣሬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይፈታል፤ አውቶካድ የማያውቅ የጽሕፈት ሥራ ባለሙያም ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ ዝርዝር የሚወጣ አንድ ጠቃሚ እውነት አለ። የሶፍትዌሩ ቨርዥን በየዓመቱ ቢለወጥም የፋይሉ ፎርማት በየዓመቱ አይለወጥም። የ2010፣ የ2011 እና የ2012 አውቶካድ የሚያስቀምጡት በአንድ ፎርማት ነው፤ ከ2013 እስከ 2017 ያሉት አምስት ቨርዥኖችም አንድ ፎርማት ይጋራሉ፤ በ2018 ቨርዥን የመጣው ፎርማት ደግሞ እስከ 2025 ቨርዥን ድረስ ሳይለወጥ ቆይቷል። ስለዚህ የ2018 አውቶካድ ያለው ቢሮ ከ2025 አውቶካድ የተላከለትን ተራ ንድፍ ያለ ችግር ሊከፍት ሲችል፣ የ2017 አውቶካድ ያለው ቢሮ ከእርሱ በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጠውን መክፈት ያቅተዋል። ወሳኙ በሁለቱ ቨርዥኖች መካከል ያለው የዓመት ብዛት ሳይሆን በመካከላቸው የፎርማት ድንበር መኖሩ ነው።

የፎርማቱ ታሪክ

አውቶዴስክ ጆን ዎከር በተባለ ፕሮግራመርና በጓደኞቹ በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ አውቶካድም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለገበያ ቀረበ። ሥሩ ከዚያ ቀደም ማይክ ሪድል የሠራው ኢንተራክት የተባለ ፕሮግራም ነበር። ድርጅቱ የዲደብሊውጂን ውስጣዊ አሠራር ለሕዝብ አልገለጸም፤ ለሌሎች ሶፍትዌሮች መገናኛ እንዲሆን ያወጣው ዲኤክስኤፍ የተባለውን ሁለተኛ ፎርማት ሲሆን፣ ይህኛው እያንዳንዱን መስመርና ክብ በጽሑፍ እየዘረዘረ ስለሚያስቀምጥ አሠራሩ ታትሞ ይገኛል።

ዋናው ፎርማት ዝግ መሆኑ ያላስደሰታቸው ድርጅቶች በ1998 እ.ኤ.አ. ተሰባስበው ዛሬ ኦፕን ዲዛይን አላያንስ የሚባለውን ማኅበር መሥርተው ዲደብሊውጂን በጥናት መፍታት ጀመሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. አውቶዴስክ ማኅበሩን ፍርድ ቤት ከስሶ ክርክሩ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ተቋጭቷል። ብሪክስካድን የመሳሰሉ ከአውቶካድ ውጪ ያሉ ሶፍትዌሮች ዲደብሊውጂን መክፈት የቻሉት በዚሁ ጥናት ነው። በማኅበሩ ስም የሚሠራጨው ኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም አንድ ሙሉ ፎልደር ዲደብሊውጂ ከአንዱ ፎርማት ወደ ሌላው በነፃ ይቀይራል። አውቶዴስክ ራሱም ዲደብሊውጂ ትሩቪው የተባለ ፋይል ማያና መቀየሪያ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሆኖም ትሩቪው ከባድ ስለሆነና አዲስ ዊንዶውስ ስለሚፈልግ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላለው ሰው የሚረዳው በተዘዋዋሪ፣ ማለትም ሻል ያለ ኮምፒውተር ያለው ሌላ ሰው ሲቀይርለት ነው።

ወደ ታች ሲቀመጥ የሚጎድለው

አውቶካድ ውስጥ «ሴቭ አዝ» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን በሌላ ስምና በሌላ ፎርማት ያስቀምጣል። በሚከፈተው መስኮት ግርጌ «የፋይል ዓይነት» ከሚለው ዝርዝር የ2013፣ የ2010፣ የ2007 ወይም ከዚያ የቀደመ ፎርማት ሊመረጥ ይችላል። በአምቦና በጉደር ያሉ ድራፍትስማኖች አዲስ አበባ ላለው ባልደረባቸው «ሎወር ቨርዥን አድርገህ ላክልኝ» የሚሉት ይህንን ነው። ትእዛዙ ቀላል ቢሆንም ውጤቱ ሁልጊዜ ምሉእ ቅጂ አይደለም፤ አሮጌው ፎርማት በተፈጠረበት ጊዜ ያልነበረ ነገር በውስጡ የሚቀመጥበት ቦታ ስለማይኖረው፣ ወይ ወደ ቅርቡ ነገር ይለወጣል ወይ ይቀራል።

ዳይናሚክ ብሎክ የሚባሉትን እንውሰድ። ብሎክ ማለት በርን፣ መስኮትን ወይም የመጸዳጃ መቀመጫን የመሰለ አንዴ ተስሎ ብዙ ጊዜ የሚገባ ምስል ሲሆን፣ በ2006 አውቶካድ የመጣው ዳይናሚክ ዓይነቱ እየተሳበ መጠኑ የሚለወጥ ነው። ይህ ብሎክ በ2004 ፎርማት ተቀምጦ ከ2006 በፊት በነበረ አውቶካድ ሲከፈት በሩ እንደነበረ ይታያል፤ 80 ሳንቲ ሜትሩን ስቦ 90 ማድረግ ግን አይቻልም። አኖቴቲቭ የተባሉት ጽሑፎችና ልኬቶች ደግሞ በ2008 አውቶካድ የመጡ ሲሆኑ፣ ንድፉ በየትኛውም ስኬል ቢታተም የጽሑፉ መጠን በወረቀት ላይ እኩል እንዲሆን የሚያደርጉ ናቸው። ከ2008 በፊት ለነበረ አውቶካድ ሲላኩ ፕሮግራሙ መልካቸውን ለመጠበቅ እያንዳንዱን ስኬል ለየብቻ ከፍሎ በተለያዩ ላየሮች ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ላየር የሚባለው መስመሮች በዓይነታቸው የሚመደቡበት ንብርብር ነው። ተቀባዩ ይህን ሳያውቅ ሁሉንም ላየር ቢያበራ አንዱ የልኬት ቁጥር በሌላው ላይ ተደርቦ ያያል፤ አላስፈላጊ መስሎት ከሁለቱ አንዱን ሲሰርዝም ለኅትመት የሚያስፈልገውን ሊሰርዝ ይችላል።

ከሁሉ ዝቅ ያለው ምርጫ በ1992 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሪሊዝ 12 ጋር የሚስማማው የዲኤክስኤፍ ፎርማት ሲሆን፣ ብረትና እንጨት የሚቆርጡ የሲኤንሲ ማሽኖችን ጨምሮ እጅግ ብዙ መሣሪያዎች ያነቡታል። ለአንድ የብረት በር ጌጥ ከዚህ የተሻለ መላኪያ አይገኝም። ለሙሉ ሕንጻ ንድፍ ግን አይመከርም፤ አንዳንድ የተጠማዘዙ መስመሮች ወደ ተቆራረጡ ቀጥታ መስመሮች ይለወጣሉ፣ ልኬቶቹ ከሚለኩት ግድግዳ ጋር ያላቸው ትስስር ይበጠሳል፣ ሌይአውት የሚባሉት በርካታ የኅትመት ገጾችም በዚያ ዘመን ስላልነበሩ አብረው አይሄዱም።

> ሴቭ አዝ የታዘዘለትን ይፈጽማል፤ የጎደለውን ለይቶ ማየት ግን የባለሙያው ሥራ ነው።

ጠንቃቃ ባለሙያ ስለዚህ ፋይሉን ከመላኩ በፊት የሚያደርገው አለው። በመጀመሪያ ስህተት የሚያርመውን «ኦዲት» እና የማያስፈልገውን የሚያጠራውን «ፐርጅ» የተባሉ ትእዛዞች ያስኬዳል፤ ንድፉ ከሌላ ፋይል የተሳቡ ክፍሎች ካሉት፣ ኤክስሬፍ የሚባሉት ማለት ነው፣ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል ወይም «ኢትራንስሚት» በተባለው ትእዛዝ ከፎንቶቹ ጋር በአንድ ጥቅል ያስራቸዋል። የወረደውን ቅጂም የፎርማቱን ዓመት በስሙ ውስጥ አካትቶ በተለየ ስም ያስቀምጣል፤ በዚያው ስም ቢያስቀምጠው ዋናው ፋይል ተደምስሶ የጎደለው ብቻ ይቀራልና። ቅጂውን ዘግቶ እንደገና ከፍቶ ከዋናው ጋር ያስተያያል፤ በመጨረሻም ተቀባዩ ንድፉ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያመሳክርበት ፒዲኤፍ አብሮ ይልካል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በብዙዎች ዘንድ የሚዘለል ሲሆን፣ ጠቀሜታው ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጉደር ያለው ሰው ከዲደብሊውጂው የጎደለ ነገር መኖሩን ሊያውቅ የሚችለው ሙሉውን በሌላ መንገድ ሲያይ ብቻ ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ችግር ደግሞ የወረደው ፋይል ተመልሶ መውጣቱ ነው። አውቶካድ ፋይል የሚያስቀምጥበት መነሻ ፎርማት ኦፕሽንስ በተባለው መስኮት ውስጥ የሚወሰን በመሆኑ፣ እዚያ ያለው ምርጫ 2018 ሆኖ ከቆየ፣ ትናንት ወደ 2010 የወረደው ፋይል ዛሬ ለእርማት ተከፍቶ በተለመደው መንገድ ሲቀመጥ እንደገና በ2018 ፎርማት ሊቀመጥ ይችላል። ከገጠር ከተሞች ጋር ዘወትር የሚሠራ ቢሮ ይህን መነሻ ምርጫ አንዴ ወደ 2010 ወይም ወደ 2013 ቢያወርደው በየጊዜው የሚመላለሰው ጥያቄ ይቋረጣል።

ፊደሉና ቁቤው

የአውቶካድ መጻሕፍት የማያነሱት፣ በኢትዮጵያ ግን ከፎርማቱ እኩል የሚያስቸግረው የጽሑፉ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በኮምፒውተር የተጻፈው አማርኛ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶችን የተጠቀመ ሲሆን፣ እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ሆሄ ለላቲን ምልክቶች በተመደበው ቁጥር ላይ ያሳርፉ ነበር። በማያ ገጽ ላይ «መኝታ ቤት» የሚል ጽሑፍ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ምልክቶች ድርድር ሆኖ ነው። ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ንድፉ ሲከፈት መስመሩ ሁሉ በቦታው ሆኖ የክፍሎቹ ስም ብቻ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል፤ ቨርዥኑን ማውረድም ሆነ ማሳደግ ይህን አያስተካክለውም።

የአውቶካድ ፋይል ፎርማት ራሱ ጽሑፍን በዩኒኮድ ማስቀመጥ የጀመረው በ2007 ፎርማት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎርማቶች በኮምፒውተሩ የፊደል ገጽ ውስጥ የሌለ ሆሄ በቁጥር ኮድ ተተክቶ ይቀመጥ ስለነበር፣ በ2007 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፎርማት በአማርኛ የተጻፈ ንድፍ ወደ 2004 ሲወርድ እያንዳንዱ ሆሄ ወደ ኮድ ይለወጣል፤ ተቀባዩ ጋ ፊደሉን የያዘ ትሩታይፕ ፎንት ከሌለም ተመልሶ አይነበብም። በዚያ ላይ ብዙ ድራፍትስማኖች ለፍጥነትና ለቅለት የሚመርጧቸው ኤስኤችኤክስ የተባሉት የአውቶካድ ፎንቶች በመስመር የተሠሩና የግዕዝ ሆሄ የሌላቸው ስለሆኑ፣ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ረድፍ ሆኖ ይወጣል። ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር የሚሠራ ቢሮ ስለዚህ ከ2007 ፎርማት በታች ባይወርድ፣ ፎንቱንም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በመጣው እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ቢወስን ከዚህ ችግር ይድናል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ግን ሁኔታው ለየት ይላል። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። ቁቤ በፊደሎቹ ላይ የሚደረብ ተጨማሪ ምልክት ስለማይጠቀምና ሁዳ የሚባለውም ከተራው የአናት ጭረት ስለማያልፍ፣ በማንኛውም ዘመን ፎርማትና በማንኛውም ኤስኤችኤክስ ፎንት ላይ ሳይበላሽ ያልፋል። በአንድ ንድፍ ላይ የክፍሎቹ ስም በእንግሊዝኛ፣ የባለንብረቱና የቀበሌው ስም በቁቤ፣ አዲስ አበባ ላይ የተጨመረው ማስታወሻ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉ ጉደር ሲደርስ ከሦስቱ ሳይነበብ የሚቀረው አማርኛው ነው። ማስታወሻው «ይህ ግድግዳ ይፈርሳል» የሚል ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከጽሑፍ ጉዳትነት ያልፋል።

ማኅተም ያለበት ወረቀትና ማኅተም የሌለው ፋይል

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ወለል ሕንጻ በምድብ ሀ፣ ከዚህ የሰፋ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው በምድብ ለ፣ የሕዝብ መገልገያ፣ ተቋም፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደግሞ በምድብ ሐ ተመድቧል። የግንባታ ፈቃድ ጠያቂም ለምድቡ የሚያስፈልገውን ፕላን እንዲያቀርብ ይጠበቃል። በማዘጋጃ ቤት የሚጸድቀው ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ሲሆን፣ ሶፍት ኮፒ የሚባለው ፋይል ብዙውን ጊዜ እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ይታያል።

ይህ አመለካከት መታረም ያለበት ይመስላል። ወረቀቱ ሕጋዊውን ክርክር ይዳኛል፤ ሕንጻው ከሃያ ዓመት በኋላ ፎቅ ሲጨመርበት፣ ሲሸጥ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ወይም የውሃ መስመሩ ሲፈለግ መሐንዲሱ የሚጠይቀው ግን ፋይሉን ነው። የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1954 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በእጅ የተሳሉ ንድፎች ካልተቀደዱና ካልረጠቡ ዛሬም ይነበባሉ፤ ወረቀት ለመነበብ ዓይንና ብርሃን ይበቃዋል። ፋይል ግን ለመነበብ የተወሰነ ፕሮግራም፣ ፕሮግራሙም የተወሰነ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ንድፉ ሁለት ሥራ ስለሚሠራም ሁለት መልክ ያስፈልገዋል፦ ለምስክርነት ፒዲኤፍ፣ ለእርማት ዲደብሊውጂ።

የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች ሲጠየቁ ኃላፊነቱ የአማካሪው እንደሆነ ይናገራሉ፤ አማካሪዎች ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒውተሩን ማሻሻል አለበት ይላሉ። ሁለቱም በየበኩላቸው ምክንያት አላቸው፤ ሆኖም ሥራው የቀለለው ለላኪው ነው። አዲስ ቨርዥን ያለው ሰው ወደ ታች ማውረድ ይችላል፤ አሮጌ ቨርዥን ያለው ሰው ግን ወደ ላይ ማንበብ አይችልም። የሚችለው ወገን እንዲያደርግ መጠየቅ ፍትሐዊ ነው፤ ይህም በቃል ልመና ከሚሆን በውል ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ቢገባ፣ ማለትም ሶፍት ኮፒው በ2010 ወይም በ2013 ፎርማት፣ ኤክስሬፉ ተካቶ፣ ከፒዲኤፍ ጋር እንደሚቀርብ ቢጻፍ፣ ለባለንብረቱ የሚጨምርበት ወጪ የለም። ማዘጋጃ ቤትም ይህንኑ በፈቃድ መጠየቂያ መመዘኛው ላይ ሊያሰፍረው ይችላል።

> አዲስ ቨርዥን ያለው ማውረድ ይችላል፤ አሮጌ ቨርዥን ያለው ወደ ላይ ማንበብ አይችልም።

ማውረድ የማይቻልባቸው

ፎርማቱ አንድ ሆኖም የማይከፈት ነገር አለ። ለመንገድና ለውሃ ሥራ የሚያገለግለው ሲቪል ስሪዲ የተባለ ሶፍትዌር በዲደብሊውጂ ውስጥ የራሱን ልዩ ነገሮች፣ የመሬት ገጽታንና የመንገድ መሐል መስመርን የመሳሰሉትን፣ ያስቀምጣል። ተራ አውቶካድ እነዚህን ሊያርማቸው አይችልም፤ የሚያያቸውም እንደ ወኪል ምስል ነው። ባለሙያው ሲልክ ወደ ተራ መስመር ቀይሮ ኤክስፖርት ማድረግ፣ ለሲቪል ስሪዲ ተጠቃሚ ደግሞ ላንድኤክስኤምኤል በተባለው የጽሑፍ ፎርማት መላክ ይኖርበታል። በስትራክቸር መሐንዲሶች ዘንድ የተለመደው ኢታብስም በአዲሱ ቨርዥን ያስቀመጠውን ሞዴል አሮጌው አይከፍተውም፤ መውጫው ሞዴሉን በጽሑፍ መልክ ኤክስፖርት ማድረግ ነው።

ከሁሉ የከበደው ሬቪት ነው። ሬቪት ሕንጻን በመስመር ከመሳል ይልቅ ግድግዳውን፣ ምሰሶውንና ጣሪያውን እንደ ሙሉ አካል የሚገነባ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ፋይሉን ወደ ቀድሞ ቨርዥን የሚያወርድ ትእዛዝ ፈጽሞ የለውም። የ2022 ፋይል በ2024 ሬቪት ተከፍቶ ከተቀመጠ ወደ 2022 አይመለስም። ተማሪዎች ከአውቶዴስክ የሚያገኙት ነፃ የትምህርት ፈቃድ የቅርብ ጊዜዎቹን ቨርዥኖች የሚሰጥ በመሆኑ፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሐጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ በቴክኖሎጂ ዘርፍ የሚማሩትን ጨምሮ፣ አዲስ ተመራቂዎች ሥራ በሚጀምሩበት ቢሮ ካለው ሶፍትዌር አዲስ የሆነ ቨርዥን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። በቡድን የሚሠራ ሰው ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የሬቪቱን ዓመት መስማማት አለበት። ከቡድኑ ውጪ ላሉ ደግሞ አይኤፍሲ የተባለው፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 16739 የተመዘገበው ክፍት ፎርማት ሞዴሉን ያሻግራል፤ ለኅትመት የሚሆኑት ገጾች ግን በዲደብሊውጂ ሊወጡ ይችላሉ። ሬቪት ይህን ኤክስፖርት ሲያደርግ የትኛው የአውቶካድ ፎርማት እንደሚፈለግ የሚያስመርጥ ሲሆን፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ 2010 እና 2007 ይገኛሉ። 2010ን መርጦ የላከ አርክቴክት ንድፉ የ2010 አውቶካድ በተጫነበት የጉደር ድራፍትስማን ኮምፒውተር ላይ ይከፈትለታል፤ በሩና መስኮቱ መስመር ሆነው ይደርሳሉ፣ ግድግዳውም በቦታው ተለክቶ ይገኛል።